«አድሚን» የሚባል ሠራተኛ የለም

ባለፈው ማክሰኞ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ስልኬ ጠራ። የቀድሞ አለቃዬ ናቸው፤ የአንድ አነስተኛ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ሰብሳቢ። ሰላምታው እንደወጉ ረዘመ። እናቴ ደህና መሆኗ ተጠየቀ፣ ቋሚ ሥራ አግኝቼ እንደሆነ ተጠየቀ፣ የዘይት ዋጋም ተነሳ። ከዚያ ወደ ጉዳያቸው ገቡ። «ልጄ፣ ያቺ የአድሚን ፓስወርድ ጠፍታብን እኮ ነው። አንቺ አትረሺያትም ብዬ ነው የደወልኩት።»

አልረሳኋትም። ችግሩም እሱ ነው። ከዚያ ቤት ከወጣሁ ዓመት ከአራት ወር ሆኖኛል። ስወጣ ቡና ተፈልቶልኝ፣ ተመርቄ፣ የቢሮውን ቁልፍ ፈርሜ አስረክቤ ነው። የበሩን ቁልፍ የተቀበሉኝ ሰዎች የሲስተሙን ቁልፍ አልጠየቁኝም። ስለዚህ የብዙ መቶ አባላትን ቁጠባ መቀየር የሚችል ፓስወርድ እስካሁን ድረስ ብሎግ እየጻፈች በምትኖር አንዲት ሥራ ፈላጊ ጭንቅላት ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው።

«ቆይ ጋሼ፣ መልሼ ልደውልልዎት» ብዬ ዘጋሁት። ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት ያን ማታ ነው።

ለማያውቀው አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ብዙ የዌብ ሲስተሞች ሁለት ቤት አላቸው። አንደኛው አባሉ፣ ደንበኛው ወይም ተማሪው የሚገባበት ነው። ሁለተኛው ከአድራሻው መጨረሻ ላይ «አድሚን» የሚል ቃል ሲጨመር የሚከፈት፣ መልኩም መግቢያውም የተለየ የሠራተኞች ቤት ነው። እዚያ የገባ ሰው ሁሉንም ያያል፣ ሁሉንም ይቀይራል፣ ሁሉንም ይሰርዛል። አሁን ደግሞ ዕድሩም፣ ትምህርት ቤቱም፣ የቁጠባ ማኅበሩም ሲስተም እያሠራ ነው። ፕሮግራመሩ ሥራውን ሲያስረክብ በኩራት የሚያሳየው ነገር ቢኖር ይሄ ሁለተኛው ቤት ነው። የእኔ አቋም ይዘጋ የሚል ነው። ኃላፊነቱ ያለበት ሠራተኛ አባሉ በሚያየው በዚያው ገጽ ላይ፣ በራሱ ስም፣ በተሰጠው ሥልጣን ልክ ይሥራ።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነውና ይህን አቋም ከየት እንዳመጣሁት ልንገራችሁ።

በኢኮኖሚክስ ተመርቄ ወራት ከተቀመጥኩ በኋላ ያገኘሁት የመጀመሪያ ሥራ የዚያን ማኅበር የወረቀት መዝገብ ወደ ሲስተም መገልበጥ ነበር። ቢሮው አንድ ክፍል ነው፤ ሦስት ጠረጴዛ፣ ሁለት ኮምፒውተር። በአድሚን ገጹ የምንሠራው አራት ሰዎች ነን፦ ሰብሳቢው፣ ሒሳብ ሹሙ፣ ገንዘብ ያዧና እኔ። የምንገባበት ስም ግን አንድ ነው፣ «አድሚን»። ፓስወርዱ ከስክሪኑ ጠርዝ ላይ በቢጫ ወረቀት ተለጥፏል። እንግዳ ሲመጣ ወረቀቷን በካላንደር እንሸፍናታለን፤ ጥንቃቄያችን እስከዚያ ድረስ ነበር።

አንድ ቀን ገበያ ላይ በርበሬና ሽሮ የሚሸጡ እናት የቁጠባ ደብተራቸውን በፌስታል ጠቅልለው መጡ። ደብተሩ 18,400 ብር ይላል። ልጃቸው በስልኳ የአባላቱን ገጽ ከፍታ ያየችው ግን 14,800 ነው። «ልጆቼ፣ 3,600 ብሬ ወዴት ሄደ?» አሉን። አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻል ነበር።

ሲስተሙ የለውጥ ታሪክ የሚያሳይ ቦታ ስላለው ተሰብስበን ከፈትነው። «አድሚን፣ ቀሪ ሒሳብ ቀይሯል» ይላል። ሐሙስ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት። ከስንት ወደ ስንት እንደተቀየረ አይናገርም። ማን እንደቀየረውም ያው አድሚን ነው። ያን ሐሙስ አራታችንም ቢሮ ነበርን።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መናገር ቀላል አይደለም። ገንዘብ ያዧን ማንም «ሰረቅሽ» አላላትም። ግን ሻይ ሲታዘዝ ይረሷት ጀመር። ካዝናው ሲከፈት ሒሳብ ሹሙ «ልይልሽ» እያሉ አጠገቧ ይቆማሉ። ገንዘብ በእጇ ስለሚያልፍ ብቻ ጥርጣሬው ሁሉ እሷ ላይ አረፈ። በሁለተኛው ሳምንት ሰኞ መልቀቂያዋን አስገባች። ሰብሳቢው እንድትቆይ ለመኗት፤ «በቃኝ ጋሼ» ነው ያለቻቸው።

ረቡዕ ዕለት ሒሳብ ሹሙ ካልኩሌተራቸውን ይዘው ብድግ አሉ። «3,600 በዘጠኝ ይካፈላል!» የድሮ የሒሳብ ሰዎች የሚያውቋት ዘዴ ናት። ሁለት ጎን ለጎን ያሉ አኃዞች ቦታ ሲቀያየሩ የሚፈጠረው ልዩነት ሁልጊዜ ለዘጠኝ ያለቀሪ ይካፈላል። 84 ሲገለበጥ 48 ነው፤ ልዩነቱ 36። 18,400 ሲገለበጥ 14,800። ካዝናው ተቆጠረ፣ ደረሰኞቹ ተደመሩ፣ አንድ ብር አልጎደለም። የእናትየውም ሒሳብ ተስተካከለላቸው። ሌብነት አልነበረም፤ የጣት ስህተት ነው።

የማን ጣት? እስከዛሬ በጽሑፍ አላወጣሁትም እንጂ፣ ያን ሐሙስ ከወረቀት ወደ ሲስተም ቁጥር ስገለብጥ የዋልኩት እኔ ነኝ። ሌሎቹም በመሀል በመሀል ይገቡ ስለነበር የእኔ ነው ብዬ መማል አልችልም። የእኔ አይደለም ብዬ ለመማል ግን ጭራሽ አልደፍርም። ልጅቷ ስትጠረጠር ዝም አልኩ፣ ከሄደችም በኋላ ዝም አልኩ። ዝም ማለት የቻልኩት ፈሪ ስለሆንኩ ነው፤ ያ ገጽ ደግሞ ለፈሪ የሚመች ነው። «አድሚን» የሚባለው ሰው ሦስታችንን ደብቆን ነበር፣ እሷን ብቻ አልደበቃትም።

እንግዲህ ይህንን ከወረቀቱ ጋር አስተያዩት። በወረቀት መዝገብ ስርዝ ድልዝ አይወደድም። የተሳሳተ ቁጥር ካለ በላዩ ላይ አንድ መስመር ይሰመራል፤ የድሮው ቁጥር ከሥሩ እየታየ አዲሱ ጎኑ ይጻፋል፤ ያረመውም ሰው አጠገቡ ይፈርማል። በብዕርና በመስመር የሚሠሩት የዕድር ጸሐፊዎቻችን ይህችን ሥርዓት ያውቃሉ። እኛ ግን ገንዘብ ከፍለን ባሠራነው ዘመናዊ ሲስተም ውስጥ የድሮው ቁጥር ጠፋ፣ ፊርማውም ጠፋ። ሰብሳቢያችን «ከወረቀት ተላቀቅን» ሲሉ ደስ ይለኝ ነበር። ከፊርማም እንደተላቀቅን ያወቅኩት በኋላ ነው።

ለመሆኑ ይሄ ሁለተኛ ቤት ለምን በየሲስተሙ ተሠራ? መልሱ ክፋት አይደለም፤ በነጻ ስለሚመጣ ነው። ጃንጎ የሚባለውን የፕሮግራመሮች መሣሪያ ብንወስድ፣ አሜሪካ ካንሳስ ውስጥ ሎውረንስ በምትባል ከተማ፣ በአንድ የአካባቢ ጋዜጣ ቤት ነው የተወለደው። እ.ኤ.አ. በ2003 ተጀምሮ በ2005 ለሕዝብ ተለቀቀ። ጋዜጠኞቹ ለእያንዳንዱ ዜና ፕሮግራመር መጥራት አልነበረባቸውም፤ ራሱን የሚሠራ የአድሚን ገጽ ነበራቸው። ፕሮግራመሩ ጥቂት መስመር ይጽፋል፣ ሙሉ የማስተዳደሪያ ገጽ ይወጣለታል። ለጋዜጣ ክፍል ድንቅ ነገር ነው። የመሣሪያው ሠሪዎች ራሳቸው በመመሪያቸው ላይ ይህ ገጽ ለድርጅት የውስጥ አስተዳደር ብቻ እንዲውል፣ መላውን የተጠቃሚ ገጽ በእሱ ላይ ማነጽ እንደማይገባ ጽፈዋል። ለእያንዳንዱም ሠራተኛ የራሱን ስምና የራሱን ፈቃድ መስጠት ይቻላል። ግን ማን ያነባል? ደንበኛው «ቶሎ» ይላል፣ ፕሮግራመሩ «አለቀ» ይላል፣ አንድ ዩዘርኔም ለአራት ሰው ይሰጣል።

እኔ በተማርኩት ትምህርት ነጻ የሚባል ነገር የለም፤ ወጪው ወደ ሌላ ሰው ይዛወራል እንጂ። ፕሮግራመሩ ያተረፈውን ሁለት ሳምንት ገንዘብ ያዧ በስሟ ከፈለችው።

ሌላው ወጪ ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ሁለት ገጽ ማለት አንድን ደንብ ሁለት ጊዜ መጻፍ ማለት ነው። የእኛ የአባላት ገጽ ከቁጠባው በላይ ብድር መጠየቅን ይከለክል ነበር፤ የአድሚን ገጹ ግን ዝም ብሎ ይቀበላል። የወለድ ምጣኔው ሲቀየር በአንደኛው ተቀይሮ በሌላኛው ሳይቀየር ሳምንት ያለፈበት ጊዜ ነበር። አባሏ በስልኳ የምታየውና እኛ በስክሪናችን የምናየው ይለያያል። መስኮት ላይ ቆሞ አገልግሎት የጠየቀ ሰው ይህን ስሜት ያውቀዋል፤ ስክሪኑ ወደ ውስጥ ዞሯል፣ ጸሐፊዋ የምታየውን አንተ አታይም፣ «ሲስተሙ እንደዛ ነው የሚለው» ትባላለህ። ኢኮኖሚስቶች የመረጃ አለመመጣጠን የሚሉት ነገር ነው። ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ የጻፈው ታዋቂ ጽሑፍ የሚያወራው፣ ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው ሳያውቅ ሲቀር ገበያው እንዴት እንደሚበላሽ ነው። ቁጠባም እንደዚያው ነው። እናትየው ብራቸውን እኛ ጋ ያስቀመጡት ስለሚያምኑን እንጂ የእኛን ስክሪን ስላዩ አይደለም።

«ገጹ እኮ ለደኅንነት ሲባል ነው የተለየው፣ አድራሻውን ማንም አያውቀውም» የሚል መልስ ይሰጠኛል። ኧረ በፈጠራችሁ! ዎርድፕሬስን የሚያውቅ ሁሉ የአስተዳዳሪው መግቢያ የት እንዳለ ያውቃል፤ ቀኑን ሙሉ ፓስወርድ እየገመቱ በሩን የሚያንኳኩ ሮቦቶችም ያውቃሉ። የባሰም አለ። ለጉግልና ለመሰሎቹ «እዚህ አትግቡ» ብሎ የሚነግር፣ ማንም ሊያነበው የሚችል ትንሽ ፋይል በየዌብሳይቱ ይቀመጣል። ብዙዎች የተደበቀ ያሉትን የአድሚን አድራሻ እዚያ ላይ ጽፈውት ይገኛል። ቁልፉን ጉበን ላይ አስቀምጦ «ቁልፉ ጉበን ላይ ነው፣ እንዳትነኩ» ብሎ በሩ ላይ መለጠፍ ማለት ነው።

ትልልቆቹም አልዳኑም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 15 ቀን 2020 ትዊተር የደረሰበትን ታስታውሳላችሁ፤ የኦባማ፣ የባይደን፣ የቢል ጌትስ፣ የኢለን ማስክ አካውንቶች በአንድ ቀን «ቢትኮይን ላኩልኝ፣ እጥፍ እመልሳለሁ» ማለት ጀመሩ። ከጀርባው ፍሎሪዳ ውስጥ የሚኖር የ17 ዓመት ልጅ ነበር። እነዚህን ሰዎች አንድ በአንድ አልሰበረም። እሱና ግብረ አበሮቹ ለሠራተኞች ደውለው፣ የኩባንያው የአይቲ ክፍል ነን ብለው፣ የውስጥ ማስተዳደሪያ መሣሪያው ውስጥ ገቡ። 130 አካውንቶች ዒላማ ሆኑ፣ ከ45ቱ መልእክት ተላለፈ፣ ከ100,000 ዶላር በላይ ተሰበሰበ። ሮይተርስ በወቅቱ እንደዘገበው መሣሪያውን መጠቀም የሚችሉት ሠራተኞችና ኮንትራተኞች ከአንድ ሺህ በላይ ነበሩ። እውነቱን ለመናገር የትዊተር ችግር ገጹ መለየቱ ብቻ አይደለም። አንዴ የገባ ሁሉ ብዙ ነገር መቻሉ ነው። የአድሚን ገጽ ጠባይ ግን እንዲህ ነው፤ ወይ ውጭ ነህ ወይ ሁሉን ቻይ ነህ።

በተቃራኒው ደግሞ ዊኪፒዲያን ተመልከቱ፤ የአማርኛውም ቢሆን በዚያው ሶፍትዌር ነው የሚሠራው። መጋቢ የሚባሉት ሰዎች ሥራቸውን የሚሠሩት እኔና እናንተ በምናነበው ጽሑፍ ላይ ቆመው ነው። እነሱ ሲከፍቱት «ሰርዝ» እና «ቆልፍ» የሚሉ ተጨማሪ ማዘዣዎች ይታዩአቸዋል፤ ልዩነቱ በአብዛኛው ይኸው ነው። ማን፣ መቼ፣ ምን እንደሰረዘ፣ ማንን እንዳገደ፣ ጥቂት ለየት ያሉ ጉዳዮች ካልሆኑ በስተቀር ማንም በሚያነበው መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ያን ያህል ትልቅ ሥራ በዚህ መንገድ ከተሠራ፣ የአንድ ሰፈር ቁጠባ ማኅበር የሚያቅተው ነገር አይታየኝም።

ይህን ለሰብሳቢያችን ያኔም በቃል ነግሬያቸው ነበር። «ልጄ፣ ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባላል» አሉኝ። ተረቱን እወደዋለሁ፤ ግን ሁለቱም ገጾች የቆሙት በአንድ ዳታቤዝ ላይ ነው። ባላው ሁለት ይምሰል እንጂ ግንዱ አንድ ነው።

ሁለተኛው መከራከሪያቸው ግን ጠንካራ ነው፤ አላቃልለውም። «የሁሉም ስም ከተጻፈ ሁሉም ይፈራል፤ ስህተት ያየ ሠራተኛ ላርመው አይልም፣ ዝም ብሎ ያልፈዋል።» ይሄ ይሆናል። አለቃ የለውጥ ታሪኩን በየጠዋቱ እየከፈተ ሠራተኛ የሚያሸማቅቅበት ቢሮ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ስም መጻፉ ብቻውን አይበቃም፤ ስህተትን ማረም የማያስቀጣ መሆኑ አብሮ በደንብ መቀመጥ አለበት። እኔም በስሜ ብሠራ ኖሮ ያን ሐሙስ ልፈራ እችል ነበር። ግን «18,400ን 14,800 ብዬ ጽፌዋለሁ» የሚል መዝገብ ቢኖር ነገሩ በአሥር ደቂቃ ያልቅ ነበር። የሚያሳፍረኝ አሥር ደቂቃ ብቻ ነበር ማለት ነው።

ሦስተኛውን መከራከሪያ የሚያነሱት ፕሮግራመሮች ናቸው፦ ሁለቱን ካዋሃድን ተራ አባል በስህተት የሠራተኛ ሥልጣን ሊያገኝ ይችላል። እውነት ነው። ማዘዣውን ከስክሪኑ ላይ መደበቅ ፈቃድ መከልከል አይደለም፤ ሰርቨሩ እያንዳንዱን ትእዛዝ «አንተ ይህን ማድረግ ትችላለህ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ኦዋስፕ የተባለው የዌብ ደኅንነት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው የአሥር ዋና ዋና አደጋዎች ዝርዝር ላይ የፈቃድ ቁጥጥር መበላሸት አንደኛ ነበር፤ በ2017ቱ ዝርዝር አምስተኛ ነበር። ግን ይህን ጥያቄ በትክክል የማይጠይቅ ሰርቨር በሁለተኛው ገጽም አይጠይቅም። የገጹን መግቢያ ከቢሮ ኔትወርክ ውጭ እንዳይከፈት የሚያደርግ ትልቅ ተቋም ከሆናችሁ፣ የተለየ ገጽ ይዞ መቆየት ምክንያት ሊኖረው ይችላል። የእኛ ግን ከየትኛውም ኢንተርኔት ካፌ ይከፈት ነበር።

በነገራችን ላይ የሕግም ጉዳይ አለ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሰው ስለራሱ የተያዘውን መረጃ እንዲያይና የተሳሳተው እንዲታረምለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። «ማን ነው የቀየረው?» ለሚል አባል «አድሚን» ብሎ መመለስ እስከመቼ እንደሚያዋጣ ጠበቆች ይንገሩን።

ወደ ስልኩ ልመለስ። በማግስቱ ለሰብሳቢያችን ደወልኩላቸው። ፓስወርዱን አልነገርኳቸውም፤ ሲስተሙን የሠራው ልጅ አዲስ እንዲያወጣላቸው፣ አሮጌው እንዲሞት ነገርኳቸው። ትንሽ ተቀየሙኝ መሰለኝ። ከዚያ ያለ ክፍያ መጥቼ ገጹን ለመዝጋት አብሬያቸው እንደምቀመጥ ስነግራቸው ድምፃቸው ተመለሰ።

ያዘጋጀሁት ነገር ብዙ አይደለም። ያ ገጽ ከሠላሳ የሚበልጡ ማዘዣዎች አሉት፤ እኔ በነበርኩበት ጊዜ የምንጠቀምባቸው ስድስቱን ብቻ ነበር። አባል መመዝገብ፣ ተቀማጭ ማስገባት፣ ወጪ መመዝገብ፣ ብድር ማጽደቅ፣ ስህተት ማረም፣ የወሩን ሪፖርት ማውጣት። ስድስቱ ወደ አባሉ ገጽ ይዛወራሉ፤ ለያንዳንዱ ሠራተኛ የሥራው ድርሻ ብቻ ይታየዋል። ስህተት ሲታረም የድሮው ቁጥር፣ አዲሱ ቁጥር፣ ምክንያቱና ያረመው ሰው ስም ይቀመጣል፤ አባሉም በስልኩ ያየዋል። ገንዘብ የሚነካ እርማት ባንኮች እንደሚያደርጉት አንዱ ሠርቶ ሌላው ያጸድቀዋል። አሮጌው ገጽ ለሦስት ወር ለንባብ ብቻ ክፍት ይሆናል፣ ምክንያቱም የረሳነው ሰባተኛ ሥራ አይጠፋም። ከዚያ አድራሻውን የሚከፍት ሁሉ ወደ አዲሱ ይመራል። «አድሚን» የሚለው ስም አይሰረዝም፣ ይታገዳል፤ የድሮው መዝገብ ላይ አሻራው ይቆይ። ለክፉ ቀን አንድ መግቢያ በታሸገ ፖስታ ካዝና ውስጥ ይቀመጣል፣ ፖስታው በተከፈተ ቁጥር ሁለት ሰው ይፈርማል።

ቀጠሮው ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። ለእነዚያ እናት ልጅ ደውዬ፣ አዲሱን ገጽ ከመጀመሪያዎቹ አባላት ጋር እንድትሞክረው ጠይቄያታለሁ፤ እሺ ብላለች።

ለገንዘብ ያዧም ደወልኩላት። አሁን ሌላ ቦታ ነው የምትሠራው። ሐሙስ ዕለት ቁጥር ስገለብጥ የዋልኩት እኔ እንደነበርኩ ነገርኳት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች፤ ከጀርባዋ የታክሲ ረዳት ሲጣራ ይሰማኛል። ከዚያ «አውቅ ነበር እኮ» አለችኝ። ቅዳሜ ትመጣ እንደሆነ ጠየቅኳት። «አስብበታለሁ» ብላ ዘጋችው።